የቀን ዘንግ (ላቴክ)

የቀን ዘንግ በግራፍ አግድም መስመር ላይ ከተራ ቁጥር ይልቅ ዕለት፣ ወር ወይም ዓመተ ምሕረት የሚነበብበት ዘንግ ነው። በላቴክ ሰነድ ውስጥ እንዲህ ያለ ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ፒጂኤፍፕሎትስ በተባለው ፓኬጅ ነው። ከሠንጠረዥ የተወሰደ መረጃን፣ ለምሳሌ የየዕለቱን የዝናብ መጠን፣ በቀን ዘንግ ላይ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ቀን ይዞ ይመጣልና። በቀመር የተገለጸ ፈንክሽን ግን በዚያው ዘንግ ላይ በቀጥታ አይሳልም። ፈንክሽን የሚቀበለው ቁጥር ነው፤ «ጥር 11» ደግሞ ቁጥር ሳይሆን ስም ነው፤ ሳይኑም ሆነ ካሬው አይሰላም።

ስለዚህ ሥራው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቀኑ ከአንድ መነሻ ተነሥቶ ወደ ተቆጠረ የቀናት ብዛት ይለወጣል፤ ቀጥሎ ፈንክሽኑ በዚህ ቁጥር ይሳላል፤ በመጨረሻም ከዘንጉ ሥር የቀኑ ስም ተመልሶ ይጻፋል። ይህ መጣጥፍ አሠራሩን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ያሳያል። ለምሳሌነት የተወሰደው የአዲስ አበባ የቀን ብርሃን ርዝመት በዓመት ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ ነው።

መነሻ

ላቴክ የሳይንስና የሒሳብ ጽሑፎችን ለኅትመት ለማዘጋጀት የሚያገለግል ሥርዓት ነው። መሠረቱ ዶናልድ ክኑት የሠራው ቴክ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1978 ወጣ። ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቴክ ላይ ተመሥርቶ ላቴክን አዘጋጀ። ሥዕልና ግራፍ ለመሥራት የሚያገለግለውን ፒጂኤፍን የጀመረው ቲል ታንታው ነው፤ በዚያ ላይ የቆመው የግራፍ ፓኬጅ ፒጂኤፍፕሎትስ ደግሞ የክርስቲያን ፎየርዜንገር ሥራ ነው።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መስፈርት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ቅጂ 3.0 ነው። ዩኒኮድን በቀጥታ የሚያነቡት ዚቴክና ሉዋቴክ ከመጡ በኋላ የወራትን ስም በአማርኛ ከዘንጉ ሥር መጻፍ ቀሏል። እንደ አቢሲኒካ ያለ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት መምረጥ ይበቃል።

ቀንን ወደ ቁጥር መለወጥ

በሥነ ፈለክ ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ቆጠራ የጁልያን ቀን ቁጥር ይባላል። ቆጠራው የተመሠረተበትን የጁልያን ዑደት እ.ኤ.አ. በ1583 ያቀረበው ጆሴፍ ስካሊገር ነው። ቆጠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ጃንዋሪ 1 (በጁልያን አቆጣጠር) ጀምሮ ሳያቋርጥ ቀናትን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ወር፣ ዓመትና ጳጉሜን አያውቅም፤ ከትናንት ወደ ዛሬ ሁልጊዜ አንድ ብቻ ይጨምራል። የትኛውም አቆጣጠር ወደዚህ ቁጥር ሊለወጥ ስለሚችል በአቆጣጠሮች መካከል እንደ ድልድይ ያገለግላል።

የኢትዮጵያ ዓመት 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን አሉት። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ ነው። ዓመቱ «ዓ»፣ ወሩ «ወ»፣ ዕለቱ «ቀ» ቢባል፣ የጁልያን ቀን ቁጥር «ጁ» እንዲህ ይሰላል፦

ጁ = 1724221 + 365 × (ዓ − 1) + ሩብ + 30 × (ወ − 1) + (ቀ − 1)

እዚህ ላይ «ሩብ» ዓ ለ4 ሲካፈል የሚገኘው ሙሉ ቁጥር ነው፤ ቀሪው ይጣላል። 1724221 ደግሞ የመስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. ቁጥር ነው።

«ሩብ» የተባለው ክፍል ለባሕረ ሐሳብ ተማሪ እንግዳ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ የሚገኘው መጠነ ራብዒት፣ ቀሪው ደግሞ ወንጌላዊውን ያሳያል። ለ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው ማለት ነው። ከ1879 ላይ የ5500 ሩብ የሆነው 1375 ሲቀነስ 504 ይቀራል። 2018 በቀጥታ ለ4 ሲካፈል የሚገኘውም ይኸው 504 ነው።

ቀመሩን ለመፈተሽ የዓድዋ ድል ቀን ጥሩ ምሳሌ ነው። ለየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፦

1724221 + 688755 + 472 + 150 + 22 = 2413620

ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነው። የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ግን 2461102 ሲሆን፣ የሚውለው እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 2026 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሁለቱ አንድ ዕለት ናቸው፤ በግሪጎርያን አቆጣጠር ግን በአንድ ቀን ይለያያሉ። ምክንያቱም ግሪጎርያን 1900ን ያለ ተጨማሪ ቀን ሲያልፈው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን በየአራት ዓመቱ ሳያቋርጥ አንድ ቀን ይጨምራል። ስለዚህ «የካቲት 23 ማለት ማርች 2 ነው» ብሎ በቋሚ ልዩነት የሠራ ሰው የ1888ቱን ነጥብ በግራፉ ላይ አንድ ቀን ያሳስተዋል። በሁለቱ ዕለታት መካከል ያሉት ቀናት 47482 ናቸው። ይህ የሚገኘው የወራትን ስም በማዛመድ ሳይሆን ሁለቱን ቁጥሮች በመቀናነስ ነው።

የዴትፕሎት ላይብረሪና ገደቡ

ፒጂኤፍፕሎትስ ዴትፕሎት የተባለ ላይብረሪ አለው። ላይብረሪው በዓመት፣ ወርና ዕለት ቅደም ተከተል የተጻፈን ቀን አንብቦ ወደ ጁልያን ቁጥር ይለውጠዋል፤ ከዚያም የዓመቱን፣ የወሩንና የዕለቱን ቁጥር ከዘንጉ ሥር መልሶ ይጽፋል። ሥራ ላይ የሚውለው «ዴት ኮኦርዲኔትስ ኢን» በሚባለው ቅንብር ነው። ሁለት ገደቦች አሉት።

የመጀመሪያው ገደብ የሚያውቀው የግሪጎርያንን አቆጣጠር ብቻ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ቀን እንዳለ ቢሰጠው የጃንዋሪ ወይም የፌብሩዋሪ ቀን አድርጎ ይወስደዋል። መስከረም 30 እና ጥቅምት 1 ተከታታይ ዕለታት ናቸው፤ ላይብረሪው ግን ጃንዋሪ 30 እና ፌብሩዋሪ 1 ብሎ ስለሚያነባቸው በመካከላቸው የሌለ አንድ ቀን ያስገባል። 13ኛ ወር የሆነችው ጳጉሜን ደግሞ በግሪጎርያን አቆጣጠር ቦታ የላትም።

ሁለተኛው ገደብ ፈንክሽንን የሚመለከት ነው። ላይብረሪው የሚጠብቀው በቀን መልክ የተጻፈ ነጥብ ነው፤ ቀመር ግን ለመሳል የሚሰጠው ቁጥር ነው። ሁለቱን በአንድ ዘንግ ላይ በቀጥታ ማገናኘት ስህተት ያስከትላል። መፍትሔው ዘንጉን ተራ የቁጥር ዘንግ አድርጎ መተውና የቀን ስሞችን በእጅ መጻፍ ነው። ለኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ይህ ከግሪጎርያን ይልቅ ይቀላል፤ ወራቱ እኩል 30 ቀን ስለሆኑ የወር መጀመሪያዎች በ0፣ 30፣ 60 እያሉ እስከ 360 ድረስ በእኩል ርቀት ይሰለፋሉ።

ዜሮው የት ይቀመጥ?

የጁልያን ቁጥር ትክክለኛ ቢሆንም እንዳለ ለግራፍ መጠቀም አይመከርም። የቴክ ትልቁ ርዝመት ከ16384 ነጥብ በታች ነው፤ የፒጂኤፍ መደበኛ ስሌትም በዚሁ ወሰን የታጠረ ነው። ፒጂኤፍፕሎትስ ተንሳፋፊ ነጥብ ስለሚጠቀም ትልቅ ቁጥር ይቀበላል፤ ነገር ግን የሚይዛቸው ጉልህ አሃዞች ስድስት ገደማ ብቻ ናቸው። የዘመናችን ጁልያን ቁጥር ሰባት አሃዝ አለው። ሰባተኛው አሃዝ ሲቆረጥ ከ2460930 እስከ 2460939 ያሉት አሥር ቀናት ወደ አንድ ነጥብ ይጨመቃሉ፤ ለስላሳ መሆን የሚገባው መስመርም እንደ ደረጃ ይሰባበራል።

ስለዚህ ዜሮው በግራፉ ውስጥ ወይም አጠገብ ባለ ቀን ላይ ይቀመጣል። ዴትፕሎትም ለዚህ «ዴት ዜሮ» የሚባል ቅንብር አለው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተስማሚው ዜሮ መስከረም 1 ነው። የመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጁልያን ቁጥር 2460930 (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025) ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይቀነሳል። ከመስከረም 1 ጀምሮ የተቆጠረው ብዛት «ተ» ቢባል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ቀመሩ እጅግ ያጥራል፦

ተ = 30 × (ወ − 1) + (ቀ − 1)

በዚህ መሠረት መስከረም 1 ዜሮ፣ ታኅሣሥ 12 ደግሞ 101፣ ሰኔ 14 ደግሞ 283 ይሆናል።

ምሳሌ፦ የቀን ብርሃን በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በምሥራቅ በኩል ያሉት ሲኤምሲና አያትም ከዚህ ኬክሮስ እምብዛም ስለማይርቁ ለከተማው ሁሉ አንድ ፈንክሽን ይበቃል። በአንድ ቀን ፀሐይ ከአድማስ በላይ የምትቆይበት ጊዜ በሁለት ነገር ይወሰናል፦ በቦታው ኬክሮስና በዕለቱ የፀሐይ ዝንባሌ። የፀሐይ ዝንባሌ ፀሐይ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወይም በስተደቡብ የምትርቅበት ማዕዘን ሲሆን በዓመት ውስጥ በ23.44 ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ለ9 ዲግሪ ኬክሮስ ስሌቱ ሲሠራ ትልቁ ከ12 ሰዓት የሚበልጠውም ሆነ የሚያንሰው በ0.53 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም በ32 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ የብርሃኑ ርዝመት «ብ» በሰዓት ሲለካ በሚከተለው ፈንክሽን በጥሩ ሁኔታ ይገመታል፦

ብ = 12 − 0.53 × ኮሳይን(0.9863 × (ተ − 101))

0.9863 ከ360 ÷ 365 የተገኘ ሲሆን ማዕዘኑ በዲግሪ ነው። 101 ደግሞ ታኅሣሥ 12ን፣ ማለትም ቀኑ አጭር የሚሆንበትን ወቅት ይወክላል። ፈንክሽኑ የሚሰጣቸው አንዳንድ ዋጋዎች፦

መስከረም 1 (ተ = 0)፦ 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ
ጥቅምት 1 (ተ = 30)፦ 11 ሰዓት ከ49 ደቂቃ
ታኅሣሥ 12 (ተ = 101)፦ 11 ሰዓት ከ28 ደቂቃ
መጋቢት 11 (ተ = 190)፦ 11 ሰዓት ከ59 ደቂቃ
ሰኔ 14 (ተ = 283)፦ 12 ሰዓት ከ32 ደቂቃ
ጳጉሜን 5 (ተ = 364)፦ 12 ሰዓት ከ6 ደቂቃ

ይህ ስሌት የፀሐይን መሐል ብቻ የሚመለከትና የአየርን የብርሃን ማጠፍ የማይጨምር ስለሆነ፣ ፀሐይ ጫፏ ብቅ ካለችበት እስክትጠልቅ ያለው ጊዜ 7 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። በአዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በለንደን በአንጻሩ ረጅሙ ቀን ብቻውን ከ16 ሰዓት ተኩል ያልፋል። በኢትዮጵያ ሰዓት በፀሐይ መውጫና መጥለቂያ አካባቢ 12 ብሎ መቁጠር ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬደውም በዚህ ምክንያት ነው።

የግራፉ አሠራር

1. ሰነዱ በዚላቴክ ወይም በሉዋላቴክ ኮምፓይል ይደረጋል፤ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንትም ይመረጣል።

2. የፈንክሽኑ ወሰን («ዶሜን») ከ0 እስከ 365 ይደረጋል። ይህ ካልተጻፈ ፓኬጁ በራሱ ከ−5 እስከ 5 ይወስዳል፤ በዚያን ጊዜ ግራፉ የሚያሳየው በዓመቱ መባቻ ዙሪያ ያሉትን አሥር ቀናት ብቻ ነው።

3. የናሙና ብዛት («ሳምፕልስ») 74 ይደረጋል። 74 ነጥቦች 73 ክፍተት ስለሚፈጥሩ በየ5 ቀኑ አንድ ነጥብ ይሰላል። ሳይለወጥ ከተተወ ፓኬጁ የሚወስደው 25 ነጥብ ነው፤ ያ ከ15 ቀን በላይ ያራርቃቸዋል።

4. ቀመሩ ይጻፋል። በፒጂኤፍ ሳይንና ኮሳይን የሚቀበሉት ዲግሪ ነው፤ ለራዲያን የተዘጋጀ ቀመር ከመግባቱ በፊት መለወጥ አለበት።

5. የአግድሙ ዘንግ ምልክቶች («ኤክስቲክ») በ0፣ 30፣ 60፣ 90 እያሉ እስከ 360 ይቀመጣሉ፤ መጨረሻ ላይ 365 ይጨመራል። በአጠቃላይ 14 ምልክቶች 13 ክፍተቶችን ይፈጥራሉ።

6. የወራቱ ስም ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በቅደም ተከተል ይጻፋል። ስሙ በምልክቱ ሥር ሳይሆን በሁለት ምልክቶች መካከል እንዲያርፍ የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ «ጥር» የሚለው ቃል የወሩን መጀመሪያ ሳይሆን ወሩን በሙሉ እንዲያመለክት ይህ ይመረጣል። የጳጉሜን ክፍተት የሌሎቹ አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ስሞቹን ወደ ጎን ማዞር ወይም ማሳጠር ያስፈልጋል።

7. ቋሚው ዘንግ ከ11 እስከ 13 ሰዓት ይወሰናል። ከዜሮ ከተጀመረ መስመሩ ጠፍጣፋ ይመስላል። ከ11 ሲጀምር ደግሞ ልዩነቱ ከልኩ በላይ ጎልቶ ስለሚታይ፣ ዘንጉ ከዜሮ እንደማይነሣ በግራፉ መግለጫ ላይ መጻፍ ተገቢ ነው።

ሁለት አቆጣጠር በአንድ ግራፍ

ለውጭ አንባቢም የሚቀርብ ጽሑፍ ከታች የኢትዮጵያን፣ ከላይ የግሪጎርያንን ወራት ሊያሳይ ይችላል። ወሰናቸው አንድ የሆነ ሁለት ዘንጎች ይደራረባሉ፤ መስመሩ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይሳላል። በ2018 ዓ.ም. የግሪጎርያን ወራት የሚጀምሩባቸው የ«ተ» ዋጋዎች እነዚህ ናቸው፦ ኦክቶበር 20፣ ኖቬምበር 51፣ ዲሴምበር 81፣ ጃንዋሪ 112፣ ፌብሩዋሪ 143፣ ማርች 171፣ ኤፕሪል 202፣ ሜይ 232፣ ጁን 263፣ ጁላይ 293፣ ኦገስት 324፣ ሴፕቴምበር 355።

እነዚህ ቁጥሮች ለሁሉም ዓመት አያገለግሉም። ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ስለሆነ ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ ያሉት በአንድ ይቀንሳሉ፤ ፌብሩዋሪ 29 ካለፈ በኋላ ከማርች ጀምሮ እንደገና እኩል ይሆናሉ። የ2016 ዓ.ም. ጥምቀት (ጥር 11) እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ሲውል፣ የ2017ቱ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 የዋለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ዘንግ

ግራፉ ብዙ ዓመታትን ሲሸፍን በ30 እየዘለሉ መቀጠል አይቻልም፤ ጳጉሜን በየዓመቱ 5 ወይም 6 ቀን ትጨምራለችና። ለእያንዳንዱ ዓመት መስከረም 1 በረጅሙ ቀመር ይሰላና ከዜሮው ይቀነሳል። ዜሮው መስከረም 1 ቀን 2015 ዓ.ም. (2459834) ከሆነ፣ 2016 በ366፣ 2017 በ731፣ 2018 በ1096፣ 2019 በ1461 ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ዓመት 366 ቀን የሆነው 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ነው።

ፈንክሽኑ በየዓመቱ የሚደጋገም ከሆነም በ365 ፋንታ 365.25 መካፈል ይገባዋል። አለዚያ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይንሸራተታል፤ ለአንድ ዓመት ግራፍ አይታይም፣ ለ40 ዓመት ግራፍ ግን 10 ቀን ይሆናል።

ሰዓት ሲጨመር

የዕለቱ ሰዓት የቀን ክፍልፋይ ሆኖ በቁጥሩ ላይ ይደመራል። ዴትፕሎትም ከቀኑ ቀጥሎ ሰዓትና ደቂቃ ይቀበላል፤ የሚቆጥረው ግን ከእኩለ ሌሊት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ከእኩለ ሌሊት 9 ሰዓት በኋላ ስለሆነ የሚደመረው 9 ÷ 24፣ ማለትም 0.375 ነው። 3 ÷ 24 ተብሎ ከገባ ነጥቡ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳል። የሥነ ፈለክ ጁልያን ቀን በበኩሉ የሚጀምረው ከቀትር ነው፤ ከሥነ ፈለክ ሠንጠረዥ የተወሰደ ቁጥር ከሌላ መረጃ ጋር ሲደባለቅ የግማሽ ቀን ልዩነቱ መታሰብ አለበት።

የተለመዱ ስህተቶች

ከአንድ መቁጠር፦ መስከረም 1ን «1» ብሎ መጀመር ችግር የለውም፤ ነገር ግን ምልክቶቹ በ0፣ 30፣ 60 ከተቀመጡ መስመሩ በሙሉ አንድ ቀን ወደ ቀኝ ይሸሻል። ቆጠራውና ምልክቶቹ ከአንድ መነሻ ሊነሡ ይገባል።

የተለያየ ዜሮ፦ የተለካ መረጃና ፈንክሽን በአንድ ግራፍ ሲቀርቡ የሁለቱም ዜሮ አንድ መሆን አለበት። ለምሳሌ የኮምፒውተር ፋይሎች ጊዜን ብዙውን ጊዜ የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሰከንድ ነው። ይህ ለ86400 ተካፍሎ ወደ ቀን ከተለወጠ በኋላ ከተመረጠው ዜሮ ጋር ይስተካከላል።

በመለያ ጽሑፍ ማመን፦ ከዘንጉ ሥር «ጥር» ተብሎ በእጅ የተጻፈ ቃል ነጥቡ በእርግጥ ጥር መሆኑን አያረጋግጥም፤ ላቴክ የተሰጠውን ቃል ይጽፋል እንጂ አይመረምርም። ግራፉ ከመቅረቡ በፊት ቁጥሩ የሚታወቅ አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ጥር 11 (ተ = 130)፣ እንደ ነጥብ ተጨምሮ በትክክለኛው ቦታ ማረፉን ማየት ቀላሉ ማረጋገጫ ነው።

ደግሞ ይዩ፦ ላቴክ፣ ባሕረ ሐሳብ፣ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ ፈንክሽን